የቀን መርዶ

«አባዬ፣ ሰው አሁን በብዛት የሚፈልገው አስከሬን ነው። ቁጥሩ ነው የሚናገረው» ስትል ነው ሳሎን የገባሁት። ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ወንድሜ ገረመው ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ልጁን አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ፍርፍሩን አየ። «ቁርሴን ልብላበት፣ ሳምሪ» አላት። ሳምራዊት አልሰማችውም። ወንበር ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት እየለጠፈች ነበር።

ግድግዳው እንዲህ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው። ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ አንድ ትልቅ ቢጫ ወረቀት አለ፤ «አስከሬን ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ ማምጣት» ይላል። ዙሪያውን ትንንሽ ወረቀቶች ከበውታል፤ «የትኞቹ ሰነዶች ያስፈልጋሉ»፣ «ማን ነው የሚረከበው»፣ «ፓስፖርቱ ከጠፋስ»፣ «ሳጥኑ ይከፈታል ወይ»። እያንዳንዳቸው በቀይ ክር ከመሀለኛው ጋር ታስረዋል። እንግዳ ሲመጣ ገረመው እንደ መጋረጃ ከፊቱ ይቆማል። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ምንም አላሉም፤ ጠበሉን ግን እዚያ ጋ ረዘም አድርገው ረጩት።

የወንድሜ ቢሮ የትራንዚት ቢሮ ነው። ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ከአንድ የሞባይል መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ በአውሮፕላን የሚመጣ ዕቃ ከካርጎ እናስወጣለን። መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የሰው ሻንጣ፤ አስከሬንም። እኔ ስልክ አነሳለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ስልክ ያነሳ ሰው ሌላ ምንም ባይማር መስማት ይማራል። ኮምፒውተሩንም፣ የጉምሩኩን ፎርምም፣ ፎርሙ ላይ ያለውን እንግሊዝኛም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እያየሁና እየተሳሳትኩ ነው የለመድኩት። ሳምራዊት ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ለአባቷ ቢሮ ዌብሳይት ልሥራ ስትል መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው።

«አክስቴ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ ኦቶሪቲ ያለሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ምን አለኝ?»

«ኦቶሪቲ። እ... ተሰሚነት በይው። የሚያውቅ ሰው ሲናገር ያስታውቃል አይደል? ጎግልም እንደዛ ነው። ስለ አንድ ነገር ሁሉንም ጥያቄ የመለሰ ዌብሳይት ካገኘ፣ ይሄ የሚያውቅ ነው ብሎ ከፊት ያመጣዋል። አንድ ሁለት ጽሑፍ አይበቃም። አንድ ትልቅ ገጽ መሀል ላይ፣ ዙሪያውን ትንንሾቹ፤ ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ መጻፍ አለብን።»

«ያልጠየቀውንም?»

«በተለይ ያልጠየቀውን!»

ይሄ አልገባኝም። እስከ ዛሬም በደንብ ገብቶኛል አልልም። ስልክ ላይ ያለ ሰው ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ሳይጠይቅ ከመለስኩለት ግን አስደነግጠዋለሁ። ስለ ሞተ ልጁ የሚደውል ሰው ጥያቄውን ዘርግቶ አይመጣም። መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ ቢሮው የት ጋ እንደሆነ ይጠይቃል፣ መኪና ማቆሚያ አላችሁ ወይ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ነገሩ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። «ዝምታውን የቱ ወረቀት ላይ ልትጽፊልኝ ነው?» ብላት ስቃ እሱንም ጻፈችው፤ አንድ ሮዝ ወረቀት «ዝምታ» ተብሎ ከነክሩ ተለጠፈ። ግን ታዘዝኳት። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስንመለስ፣ እራት እስኪቀርብ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፄን እየቀዳች መቶ ምናምን ጥያቄ ከነመልሱ ሰጠኋት። አንዳንዱን ስናገር ሰዎቹ ፊቴ እየመጡ አቋርጥ ነበር። እሷ ታዲያ እጄን ይዛ ትጠብቀኛለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይሄን ቀድሜ መናገር አለብኝ።

የዚያን ጠዋት የለጠፈችው ወረቀት ብርቱካናማ ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል። «ትናንት አወጣሁት፣ አክስቴ። ያንቺ ነው፤ እንደነገርሽኝ ነው የጻፍኩት። ሰው ደረቅ መረጃ ብቻ ሲሆን አያምንም፤ በእጃችን ያለፈ እውነተኛ ነገር ሲያይ ነው የሚያምነው። ቢሮ ስንገባ አሳይሻለሁ» አለችኝ። ገረመው እጁን ታጥቦ ተነሳ። ከገርጂ እስከ ኢምፔሪያል ሦስታችንም በአንድ መኪና ሳንነጋገር ሄድን። ገረመው ጠዋት ወሬ አይወድም። ከድሮም አይወድም፤ በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ ቢሮ እየሠራን፣ ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን ይበዛል። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ሃያ ደቂቃ የማይሞላው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ እኔ በመስኮት የሎሚና የማስክ ሻጮቹን እያየሁ፣ የትኛው ታሪክ ይሆን የጻፈችው እያልኩ አሰብኩ። ስንቱን ነግሬአታለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሳምራዊት ጠረጴዛዬ ጋ ወንበሯን እየጎተተች መጣች። «ጎግል ላይ አንደኛ ወጥተናል! አንደኛ!» ብላ ስልኳን ዓይኔ ሥር አደረገችው። ርዕሱን አነበብኩ። «ገንዘቤ ዋቅጅራን ለእናቷ እንዴት አደረስናት» ይላል። ከሥሩ ዕድሜዋ አለ፣ የነበረችበት ከተማ አለ፣ በሰው ቤት ስትሠራ በድንገተኛ ሕመም ሕይወቷ እንዳለፈ አለ፣ ጃክሮስ አካባቢ የምትኖር መበለት እናት እንዳለቻት አለ። ቃሉ የኔ ነው። «ያቺ ምስኪን እናት» የሚለው እንኳ ሳይቀር እኔ ያልኩት ነው።

«ሳምሪ» አልኳት፣ «ይቺ ልጅ እኮ ገና አልመጣችም።»

«አውቃለሁ፤ ነገ ትገባ የለ? ሰው አግኝቶ እስኪያነበው ትደርሳለች ብዬ ነው።»

«እናቷ አታውቅም።»

«ምኑን?»

«መሞቷን።»

ሳምራዊት ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አጎቷ እኮ ራሱ መጥቶ ፈርሟል! አንቺ ነሽ ያስፈረምሽው። ቤተሰቡ ያውቃል ብዬ...»

ቤተሰቡማ ያውቃል። አጎቷ ሊባን ያውቃል፣ የአክስቶቿ ልጆች ያውቃሉ፣ የእናቲቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያውቃሉ፣ እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ለዓርብ አዘጋጅቷል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት እናትየዋና ታናሽ ልጇ ብቻ ናቸው። ወጉ እንዲህ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በቀንም አይነገርም፤ ሊነጋጋ ሲል ሰው ተሰብስቦ ሄዶ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው፤ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ እያለ፣ የሚደግፍ እጅ አጠገብ እያለ። ሳጥኑ ዓርብ ሊነጋ ሲል ሊገባ፣ እነሱም በዚያው ሰዓት በሩን ሊያንኳኩ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሳምራዊት ይሄን ወግ አጥታው አይደለም፤ የአያቷም መርዶ እንዲሁ ነው የተነገረው። ከወረቀቱ ጋር ማገናኘቱን ነው ያጣችው። እኔስ? እኔ ደግሞ ለልጅ የማወራ መስሎኝ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁላት።

ወዲያው ገጹን አጠፋችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «በቃ፣ ጠፋ፤ እዪው» አለችኝ። ስነካው «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ልቤ እምቢ ቢለኝ፣ በራሴ ስልክ በአንድ ጣቴ የልጅቷን ስም ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣው የእኛ ነው። ርዕሱ አለ። ከርዕሱ ሥር ሁለት መስመር አለ፤ «ሕይወቷ ያለፈው» የሚለው አለ። ስነካው ገጹ የለም። ስመለስ መስመሩ አለ።

«አላጠፋሽውም» አልኳት።

«አጥፍቼዋለሁ፣ አክስቴ። እኛ ጋ የለም። ጎግል ጋ ነው ያለው። አንብቦ ይዞታል፤ ተመልሶ መጥቶ አለመኖሩን እስኪያይ ድረስ ያሳያል።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አይታወቅም። ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከቀናት በኋላም። ቶሎ እንዲነሳ ጥያቄ አስገብቻለሁ።»

«ለማን ነው ያስገባሽው? ለሰው ነው?»

«ሰው አይደለም... ፎርም ነው።»

ደብዳቤ ጽፈሽ፣ ሰው አንብቦት፣ ደብዳቤውን መልሰሽ ብታቃጥዪው አንባቢው በቃሉ ይዞት እንደሚሄድ ነው ብዬ ለራሴ ልተረጉመው ሞከርኩ። ሰው ቢሆን ግን እግሩ ላይ ወድቄ እለምነው ነበር። እሷ ታዲያ እያለቀሰች፣ «ሁለት ወር ሙሉ እንዲያምነን ነው የለፋነው፤ ጭራሽ ዛሬ አመነን» አለች። እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባት።

ገረመው ክፍል ገብተን ነገርነው። ሲሰማ ቆየና እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። «ታዲያ ማን ያየዋል? ማነው የልጅቷን ስም ቁጭ ብሎ የሚጽፍ?» አለ።

«ታናሽ እህቷ» አልኩት። «ሩሃማ የምትባል ልጅ አለች፣ አሥረኛ ክፍል። እህቷ ስልክ ካቆመች ዘጠኝ ቀኗ ነው። አሠሪዎቿ ገጠር ይዘዋት ሄደው ነው፣ ኔትወርክ የለም ብለው ዘመዶቿ ነግረዋታል። አላመነችም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ስልክ ላይ ስትፈትሽ ነው የምታመሸው ብሎ ሊባን ነግሮኛል።»

መስኮቱ ሥር ሚኒባሶች «መገናኛ! መገናኛ!» እያሉ ይጮሃሉ። «ለአጎትየው እንዳትደውይ» አለኝ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ነው፤ ነገ ጠዋት ያልቃል። ብንናገር ነገር ማራገብ ነው። የቢሮውም ስም አለ።» እኔ ገረመውን አዝዬ ነው ያሳደግኩት፤ አሁን ግን ደመወዜን የሚፈርመው እሱ ነው። «እሺ» አልኩት። እሺ ማለት ልማዴ ነው። ከዚያ ወጥቼ ነጠላዬን ከወንበሩ አነሳሁ። አትደውይ አለኝ እንጂ አትሂጂ አላለኝም። ሳምራዊት ደረጃው ድረስ ተከትላኝ «ልምጣ?» አለች። «አንቺ እሱን ነገር አስነሺ፤ እንደተነሳ ደውይልኝ» ብያት ወረድኩ።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ውዳሴ ማርያም በልቤ ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤ ያው ቦታ ላይ ጠፋብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አንገቷን ደፍታ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ታንሸራትታለች። ከፊቷ ያለው ሰውዬም ያንሸራትታል። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ ተቀብሎ ሲጨርስ በሩ ላይ ተደግፎ ያንሸራትታል። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱ እሷን የሚፈልግ መሰለኝ።

ሊባን ጃክሮስ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለው። ጠባብ ናት፤ ጣሪያው ላይ የመታጠቢያ ቤት ሻወሮች ተሰቅለዋል፣ የአንዱ ዋጋ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ተብሎ ተለጥፎበታል። ሲያየኝ ከባንኮኒው ኋላ ተነሳ። «እትዬ ምንትዋብ! ምነው በደህና? በረራው ተቀየረ እንዴ?» አለኝ። ተቀመጪ አለኝ፤ ቆሜ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ማን ጻፈው አለኝ። ቢሮው ነው ለማለት አስቤ ነበር፤ አፌ ግን «እኔ ነኝ» አለ። ስልኩን አውጥቶ ስሟን ጻፈ። አነበበው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው።

«ለእናቷ እንዴት አደረስናት» አለ። «አደረሳችኋት እንዴ? እኔ እኮ ነገ ልቀበላት ነበር። ነው ወይስ እናንተ ጋ ቀድማ ገባች?»

አንገቴን ደፋሁ። ሰድቦኝ ቢጨርስ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ከጎን ያለው ፋርማሲ የምትሠራው ሔዋን የምትባል ልጅ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ስልኳን ወደ ፊት ዘርግታ ገባች። «ሊባኔ፣ ይሄ ነገር የገንዘቤ አይደለም? አንድ ሰው ልኮልኝ...» አለችና እኔን ስታይ ቆመች። ሊባን ግንባሩን ያዘ። «ሰው ሊላላከው ጀምሯል» አለ፤ ለማንም አይደለም የተናገረው። ከዚያ ሱቁን ግማሽ ድረስ ዘግቶ የእድሩን ሰብሳቢ ጠራ።

ጋሽ ገብረሰንበት በዕድሜ የገፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሁለት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች መጡ፤ በቧንቧዎቹ መሀል በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጥን። እንደገና ነገርኳቸው። ጋሽ ገብረሰንበት ዱላቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አነባብረው ሰሙኝ።

«ተሰርዟል ነው የምትይኝ፣ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ፣ ተሰርዟል።»

«ግን ይታያል።»

«ይታያል።»

«የተሰረዘን ነገር ማን ነው የሚያሳየው?»

«እኔም አላወቅኩም ጋሼ።»

«እኔ የእድሩን የአባላት መዝገብ ሠላሳ ዓመት ይዣለሁ። ስም ስሰርዝ ይሰረዛል» አሉ። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። አንደኛው ሽማግሌ የሩሃማን ስልክ እንደብቅ አሉ። ትምህርት ቤት ስልክ አይፈቀድም፤ ቤት ቻርጅ ላይ ነው የምትተወው፤ ሊባን ሄዶ ሊያነሳው ይችላል። «ምን ብዬ?» አለ ሊባን። «አነሳሁት እንበል። ትናንት በኔ ስልክ ነው የፈተሸችው። ከትናንት ወዲያ በጎረቤት ልጅ። ሰፈሩ ሙሉ ስልክ ነው እኮ፣ አባቴ! የስንቱን ልደብቅ?» ሌላኛው፣ እስከ ነገ እሷን ብቻ ሰበብ ፈጥረን ዘመድ ቤት እንላካት አሉ። ቀድሞ የተናገሩት ደግሞ፣ ለእሷ ብቻ እንንገራት አሉና ራሳቸው መልሰው፣ ልጅ ብቻዋን ይሄን ይዛ ከእናቷ ጋር እንዴት ታድራለች አሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንዞር ቆየን። ስልኬ ጮኸ፤ ገረመው ነው። «የት ነሽ?» አለ። «ጃክሮስ» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዘጋው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሊባን፣ «ልጅቷ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት መነገር አለበት» አለ። ሁሉም ወደ ጋሽ ገብረሰንበት አየ። «በጠራራ ፀሐይ?» አሉ እሳቸው። «እኔ በሕይወቴ በቀን መርዶ ነግሬ አላውቅም። ምን ተብሎ ነው የሚገባው? ሌሊት ከሆነ ማንኳኳቱ ራሱ ይናገራል፤ ሰው ልቡ ቀድሞ ያውቃል።» ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና «እሺ» አሉ፣ «ግን እንዲህ ሆኜ አልሄድም» ብለው ቤታቸው ሄደው ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው ተመለሱ። ሊባንም ሸሚዝ ቀየረ። እኔን «አንቺም ነይ፤ የሴት ሰው የለንም፤ ስትወድቅ የሚይዛት ይኑር» አለኝ። የሰፈሩ ሴቶች ሊጠሩ ይችሉ ነበር፤ ሁለት ሦስቱ ሲጠሩ ግን ወሬው ቀድሞን ይደርሳል ብለው ፈሩ።

አምስት ሆነን ወጣን። ኮብልስቶኑ ላይ ስንራመድ፣ በየበሩ የተቀመጡ ሴቶች ያዩናል፤ የሚያውቁ ስለሆኑ ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ አንዷ ሰዓቷን አየች። ግማሽ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሳምራዊት ናት። «ተነሳ! አክስቴ፣ አሁን የለም! ሦስቴ ፈለግኩት፣ የለም!» ድምፅዋ ይዘልላል። ቆምን። ነገርኳቸው። ሊባን የራሱን ስልክ አውጥቶ ጻፈ፤ አለ። እዚያው ነው፤ ርዕሱም ሁለቱ መስመሮችም። «የኔ ላይ አለ» አለ። «የኔ ላይ የለም» ትላለች ሳምራዊት። አንዱ ሽማግሌ ለሚስታቸው ደውለው አስፈለጉ፤ የእሷ ላይ የለም። እንደገና ሊባን ሞከረ፤ አለ። መንገድ መሀል ላይ ክብ ሠርተን፣ አንድ ጊዜ ሞታለች አንድ ጊዜ አልሞተችም እንደሚል ነገር ላይ አፍጥጠን ቆምን። እንመለስ? ነገ ሊነጋጋ ሲል በወጉ ይሁን? ልቤ እንመለስ አለኝ፤ እንደዚያ ሲሆን ጥፋቴ ቀለል የሚልልኝ መስሎኝ መሆኑንም አወቅኩ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ጋሽ ገብረሰንበት የመጣንበትን መንገድ ዞረው አዩ። «ሰው አይቶናል» አሉ። «አምስት ሰው ተሰልፎ ሲሄድ አይቷል። እንግዲህ ቢነሳም ባይነሳም አንድ ነው።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት አደረሱ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ አማተብኩ። ሄድን።

ድንቄ፣ የገንዘቤ እናት፣ በጋራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። እሷ ደጃፏ ላይ ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች። ከኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ከበስተኋላዋ የሩሃማ የትምህርት ቤት ሹራብ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ በተከፈተው በር በኩል ሶፋው ላይ ቻርጅ የተሰካ ስልክ ይታየኛል።

«ውይ! ምን እግር ጣላችሁ!» አለች። ሰፌዱን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። ጋሽ ገብረሰንበትን ዝቅ ብላ ሰላም አለች፣ ሽማግሌዎቹን በየተራ ሰላም አለች፣ ለእኔ አንገቷን ሰበር አደረገችልኝ። ወደ ውስጥ ገብታ አግዳሚ ወንበር እየጎተተች አወጣች። «ግቡ እንጂ፤ ደጅ አትቁሙ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም፣ ድንቄ» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት። «ቆመን የምንናገረው ጉዳይ አለን።»

ይሄን ሲሉ ነው የገባኝ፤ ግን ዘግይቷል። ድንቄ የአግዳሚውን ጫፍ እንደያዘች ቀና አለች። ኮቱን አየች፣ ጋቢውን አየች፣ ዱላውን አየች። የሊባንን አዲስ ሸሚዝ አየች። ከዚያ እኔን፣ የማታውቃትን ሴት፣ ከነነጠላዬ አየችኝ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ለብሶ፣ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ አልቀመጥም የሚል ሰው ለምን እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ፊቷ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ሊባን!» አለች። «አንተ ቀጣፊ! ለካ ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ስትሸሸኝ የከረምከው! እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር። ስልኳን መዝጋቷ፣ እናንተ ስገባ ዝም ማለታችሁ... አፍራ ነዋ! ለእናቷ በራሷ አፍ መናገር አፍራ ነው!» ሳቀች። እንባዋም መጣ፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «እና አሁን እሷ በሌለችበት እኔ ምን ብዬ ነው እሺ የምለው? ልጁስ ማነው? እዚያው አብሯት ያለ ነው?»

ሊባን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የአዲሱ ሸሚዝ ጀርባ ከትከሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን አላየችውም። ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ የምስሩ ብናኝ መዳፏ ላይ አለ። በአክብሮት፣ በአዲስ ዘመድ ዓይን ነው የምታየኝ።

«እርስዎ የልጁ እናት ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም፣ እህቴ» አልኳት። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ የመጣልኝ እውነቱ ብቻ ነው። «ከካርጎ ነው የመጣሁት። ከኤርፖርት።»

«ከኤርፖርት?» አለች። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። «መጣች እንዴ? ገንዘቤ መጣች?»

«ነገ ሊነጋ ሲል ነው የምትገባው» አልኳት።

በሩን ልትከፍት እንደምትሄድ ሰው እጇን ሳበችው። አልለቀቅኳትም። ደግሞ ሳበችው፤ አጥብቄ ያዝኳት። ያን ጊዜ መጀመሪያ እጆቻችንን አየች፣ ቀጥላ የሊባንን ጀርባ፣ ቀጥላ አንድም ሰው ያልተቀመጠበትን አግዳሚ።